የመጀመሪያው ሰልችቶኝ ተውኩት፣ ሁለተኛውን ልግዛው?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ፋብሪካ ውስጥ በሽፍት እሠራለሁ። ዕረፍቴ እሑድ ብቻ ነው። አምና ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 3 ገዛሁ። አሳሲንስ ክሪድ የሚባለውን ጌም የመጀመሪያ ክፍል ጀምሬ ግማሽ ላይ ተውኩት። ከተሞቹ ደስ ይላሉ፣ ሥራው ግን ያው በያው ነው። አሁን ደሴ ፒያሳ አንድ ልጅ የሁለተኛውን ሲዲ በ1,200 ብር ልሽጥልህ አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ተወው፣ ላፕቶፕህ ላይ እጭንልሃለሁ› ይላል። እናቴ ሰው መግደል የምትማርበት ነው ብላ ትቆጣለች። የ11 ዓመት ወንድሜ ስጫወት ከጎኔ አይጠፋም። ታሪክ እወዳለሁ፣ ጌሙም እውነተኛ ታሪክ ነው ይሉኛል። ብሬን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

ወንድሜ፣ አብሽር። ግዛው። ላፕቶፑን ተወው፣ ሲዲውን ግዛ። ትንሹ ወንድምህ ግን አብሮህ አይቀመጥ። ለምን እንዲህ እንደምል ደግሞ ልንገርህ፣ ምክንያቱም 1,200 ብር በሽፍት ለሚሠራ ሰው ቀልድ አይደለም።

አንድ ጌም ክፍል ሁለት ሲወጣለት ሰው ሁሉ «ግራፊክሱ እንዴት ነው?» ይላል። አንተ ግን ሳታውቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ጽፈህልኛል። የመጀመሪያው ያው በያው ሆነብኝ ብለሃል። እንግዲህ ሁለተኛውን የምንመዝነው በዚህ ነው፤ አንተን ያስጣለህ ነገር ተስተካክሏል ወይስ አልተስተካከለም? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የመጀመሪያው በ2007 ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ)። ታሪኩ 1191 ላይ ነው፣ ሦስተኛው የመስቀል ጦርነት፣ ደማስቆ፣ ዓኮ፣ ኢየሩሳሌም። ዋናው ሰው አልጣኢር ኢብን ላ አሐድ ይባላል። ቁርኣን ቤት የዋለ የኮምቦልቻ ልጅ ስሙን እንደሰማ ይገባዋል፤ በራሪው፣ የማንም ያልሆነ ልጅ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ዘጠኝ ሰው ግደል ይልህና ለዘጠኙም ያንኑ ሥራ ያሠራሃል። አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለህ ወሬ አዳምጥ። ኪስ ግባ። አንዱን ጥግ ይዘህ እስኪለፈልፍ ደብድበው። ሄደህ ፈቃድ ተቀበል። ግደል። ደግሞ እንደገና። ግማሽ ላይ ተውኩት ካልክ አራተኛው ወይም አምስተኛው ሰውዬ ላይ ነበርክ ማለት ነው። እኔም እዚያው አካባቢ ነው የተውኩት። ውሃ ውስጥ ከወደቅክ ደግሞ አለቀልህ፣ ትሞታለህ። ግንብ እየቧጠጠ ሰማይ የሚወጣ ሰው ዋና አያውቅም! ይሄ በጣም ያናደደኝ ነበር።

ሁለተኛውን የተጫወትኩት እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው፣ በሰዓት እየከፈልኩ። ጎረምሳው ሁሉ ኳስ ጌም ላይ ይጯጯሃል፣ እኔ ጥግ ላይ ካለችው ቲቪ ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። ፍሎረንስ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ልጅ ሲወለድ ነው። ሕፃኑ ዝም ብሏል፣ አያለቅስም። አባቱ ይቀበለውና እንዲታገል ይነግረዋል። ስክሪኑ ላይ አንድ በተን ብቅ ይላል። ስትጫነው ሕፃኑ እግሩን ያወራጫል። ሌላ በተን፣ አንድ እጅ። ሌላ፣ ሁለተኛው እጅ። ከዚያ ልቅሶው ይወጣል። እኔ ያኔ ጆይስቲኩን ይዤ ቀጥ ነው ያልኩት። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ለካ ያ ሁሉ ትምህርት ነበር። የታችኛው በተን እግር ነው፣ የጎንና የጎኑ እጆች፣ የላይኛው ጭንቅላት። ጌሙ እስኪያልቅ ድረስ እንዲያ ነው። አንድም ገለጻ ሳታነብ ባንድ ደቂቃ ታውቀዋለህ። ያ ሕፃን ኤዚዮ አውዲቶሬ ነው፣ እናም ከተወለደበት ደቂቃ ጀምረህ ታውቀዋለህ ማለት ነው። አልጣኢርን ግን ጨርሰኸውም አታውቀውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ መሰልቸቱ። ይህን የሠሩት የዩቢሶፍት ሞንትሪያል ሰዎች ናቸው፣ የመጀመሪያውንም የሠሩት እነሱ ናቸው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በ2009 መጨረሻ ነው ያወጡት። ስሞታውን ሰምተዋል። ያ «ሦስት ነገር አጣርተህ ና» የሚባለው ግዴታ የለም። አንዱ ሚሽን ላይ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ሥዕሎች በሣጥን ተሸክመህ ከእናትህ ጋር ፍሎረንስን ታቋርጣለህ፣ በቃ፣ ሥራው ይኼው ነው፣ እየሄዳችሁ ታወራላችሁ። ሌላው ላይ ሠረገላ ትነዳለህ፣ ተራራ ለተራራ፣ ከኋላ እያሳደዱህ፤ ሀረጎን በፍጥነት ሲወርድ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ተቀምጠህ የምታውቅ ከሆነ ያንን ስሜት እዚያ ታገኘዋለህ። ቬኒስ ላይ ሊዮናርዶ በሠራው ክንፍ ትበራለህ፣ ከታች በየሰገነቱ የተለኮሰ እሳት ሙቀቱ እያነሳህ። ዋናም ይችላል። የቬኒስ ቦዮች ውስጥ ዘለህ ገብተህ ወታደሮቹ ዳር ላይ ሲፈልጉህ ታያለህ።

መደበቁም ተለውጧል። የመጀመሪያው ላይ ነጭ የለበሱት ካህን መሳዮች እስኪመጡ ትጠብቃለህ። እዚህ ግን የትኛውም ሰብሰብ ያለ ሕዝብ መደበቂያህ ነው። ሰኞ ገበያ ቅዳሜም ሆነ ሰኞ ሕዝቡ ጢም ሲል አንድ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለህ፣ እንደዚያ። ሦስት አራት ሰው እያወሩ ሲሄዱ መሐላቸው ትገባለህ፣ እርምጃህን ከእርምጃቸው ታስተካክላለህ፣ ወታደሩ ራስ ላይ ያለችው ምልክት ቢጫ መሙላት ጀምራ የነበረችው ቀስ ብላ ትከስማለች። ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምታልፈው። ሳንቲም ከበተንክ ሕዝቡ ይሻማል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሌቦች፣ ቅጥር ወታደሮች፣ ሴተኛ አዳሪዎች ቀጥረህ ጠባቂ ታስወግዳለህ። ብዙ ከረበሽክ ስምህ ይጠፋል፣ ግድግዳ ላይ ምስልህ ይለጠፋል፤ ለመጽዳት ወረቀቱን ትገነጥላለህ ወይም ለለፋፊው ጉቦ ትሰጣለህ።

ጉድለቱን ካልነገርኩህ ግን ገንዘብህን አስበላሁህ ማለት ነው። ጌሙ ቀላል ነው፣ ከመጠን በላይ። ወታደር ሲሰነዝር ጠብቀህ አንድ በተን ስትጫን ትገድለዋለህ፣ አሥር ቢከቡህም ተራ ጠብቀው ነው የሚመጡት። ቆስለህ እንኳ መድኃኒት ከሐኪም ገዝተህ ኪስህ ውስጥ ደርድረሃል። ገንዘቡም ይበዛል። አጎትህ ያሉበት ሞንቴሪጆኒ የምትባል መንደር አለች፣ ሱቆቿን ስታሳድስ በየ20 ደቂቃው ገቢ ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ መሐል ላይ ስትደርስ ግን የምትገዛው ነገር ታጣለህ። ውጤቱ ምን ይሆናል መሰለህ፣ ተደብቀህ መሥራት ምርጫ ብቻ ይሆናል። በር ላይ ሄደህ ሁሉንም ብትጨርስም ብዙ ጊዜ ጌሙ ዝም ይልሃል። ስለዚህ ራስህ ሕግ አውጣ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስጫወተው መድኃኒት አልገዛሁም፣ ከተገዳዩ በቀር ሌላ ሰው ላለመግደል ሞከርኩ። ሌላ ጌም ሆነብኝ። ጣሪያ ላይ ተጋድሜ የጠባቂዎቹን ዙር የቆጠርኩት ያኔ ነው።

ሌላው፣ መጀመሪያው ይዘገያል። የገዳዮቹን ነጭ ልብስ ለብሰህ እጅጌ ውስጥ የሚደበቀውን ስለት እስክታገኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አትቸኩል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ነው ቤተሰቡን የምትወደው። ማታ ከታላቅ ወንድምህ ጋር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ እሽቅድምድም ወጥታችሁ ከተማዋን ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ምንም አይፈጠርም። ቆይቶ ለምን እዚያ እንዳስቀመጡህ ታውቃለህ።

በዘመናችን የሚሆነው ታሪክ ደግሞ አለ፣ ዴዝመንድ የሚባል የዘመናችን ሰው በማሽን የአያት ቅድመ አያቶቹን ትዝታ የሚኖርበት። እኔ እሱ ላይ ልቤ አይቆምም። እንደ መጀመሪያው በየጊዜው ከጨዋታው እየጎተተ አያወጣህም፣ ይኼ በቂ ነው።

ላባዎቹን ግን ሳልነግርህ አላልፍም። የኤዚዮ ትንሽ ወንድም ፔትሩቾ፣ የ13 ዓመት ልጅ ነው፣ የታመመ፣ አልጋ ላይ የሚውል። ላባ ሰብስብልኝ ይልሃል። ለምን እንደሆነ አይነግርህም። አባትየውና ሁለቱ ወንድሞች ከተሰቀሉ በኋላ እናትየው ዝም ትላለች። አንድ ቃል አይወጣትም። ሞንቴሪጆኒ ያለው ቤት ውስጥ ክፍሏ ትገባለህ፣ አልጋዋ ሥር ተንበርክካለች፣ አጠገቧ ሣጥን አለ። ከየጣሪያው የለቀምካቸውን ላባዎች እዚያ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለህ። ደግሞ ትወጣለህ። ደግሞ ትመጣለህ፣ እሷ እዚያው ናት። ላባዎቹ 100 ናቸው፣ ካርታ ላይ አይታዩም፣ የገንዘብ ሣጥኖች ያሉበትን የሚያሳይ ካርታ ይሸጣል፣ የላባ ግን አይሸጥም። ስትጨርስ የሚሰጡህ ካባ ጨርሶ አይጠቅምም፣ ከለበስከው ወታደሩ ሁሉ ያውቅሃል። ለካባው ብለህ ከሆነ አትድከም። እኔ ግን ለሴትየዋ ስል ጨርሻቸዋለሁ፣ አልቆጨኝም። ሀዘን ቤት ገብተህ ምን እንደምትል ጠፍቶህ ዝም ብለህ የተቀመጥክበት ቀን ካለ ይገባሃል።

እውነተኛ ታሪክ ነው ወይ ላልከው፣ ከፊሉ። ኤዚዮና ቤተሰቡ የፈጠራ ናቸው። የፓዚዎቹ ሤራ፣ ፓዚ የሚባለው ቤተሰብ ፍሎረንስን በያዙት ሜዲቺዎች ላይ ያሴረው፣ እውነት ነው። ሚያዝያ ላይ፣ አፕሪል 26 ቀን 1478፣ እሑድ ቅዳሴ ላይ ፍሎረንስ ካቴድራል ውስጥ ጁሊያኖ ዴ ሜዲቺን ገደሉት፣ ወንድሙ ሎሬንዞ ቆስሎ አመለጠ። ከገዳዮቹ አንዱ በርናርዶ ባሮንቼሊ ይባላል። ጌሙ ላይ ኤዚዮ ሳን ጂሚኛኖ በምትባል ከተማ ይገድለዋል። በእውነት የሆነው ግን ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ሰውየው ቁስጥንጥንያ ድረስ ሸሸ፣ ሱልጣን መህመድ 2ኛ አሳልፎ ሰጠው፣ በ1479 ፍሎረንስ ላይ ተሰቀለ። የተሰቀለውን ሬሳ ወጣቱ ሊዮናርዶ በእጁ ሣለው፣ የልብሱን ቀለም ሳይቀር ዳር ላይ ጻፈ። ሥዕሉ ዛሬም አለ። ጌሙ ላይ ያንን ሊዮናርዶ ሲስቅ ስታየው ይህን አስበው።

አንተ ታሪክ ወዳጅ ነህና አንድ ልጨምርልህ፣ ጌሙ ይህን አይነግርህም። ኤዚዮ በሚሮጥባት ፍሎረንስ የእኛ ሰዎች ቀድመውት ነበሩ። በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤ እዚያች ከተማ ገብተዋል። ከየትም ጣሪያ ላይ ሆነህ የምታየው የካቴድራሉ ትልቅ ጉልላት ያለቀው በ1436 ነው። ስለዚህ አይተውታል፣ አንተ አሁን በጆይስቲክ የምትወጣውን። በፓዚዎቹ ሤራ ስማቸው የሚነሳው የሮማው ፓፓ ሲክስተስ 4ኛም፣ ሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በ1479 ገደማ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሰጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬም የሐበሾች እስጢፋኖስ ይባላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ጌሙን ከጨረስኩ በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። የኤዚዮ አባት የሚሰቀልበት አደባባይ ፒያሳ ዴላ ሲኞሪያ ይባላል፣ ሲዲውን የምትገዛበትን ሰፈር ስም ጣልያን ከየት እንዳመጣልን አሁን ታውቃለህ።

ስለ እናትህ። አትከራከራት። ሲዲው ላይ ለአውሮፓ በወጣው 18 ዓመት የሚል ቁጥር አለበት፣ ያለምክንያት አልተጻፈም። ደም አለ፣ ስቅላት አለ፣ የአልጋ ነገርም አለ። አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ለራስህ ትወስናለህ። የ11 ዓመቱ ግን አይሆንም። የሚሰቀለው ልጅ የእሱ ታላቅ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው፣ ያንን ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት የለበትም። እሑድ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጨዋታ ኳስ አብረኸው ተጫወት፣ ከዚያ ውጪ ይውጣ ወይም ይተኛ፣ ከዚያ ያንተ ሰዓት። እናትህም የፈራችው ይህን ይመስለኛል፤ ለእሷም ልክ እንዲህ ብለህ ንገራት፣ ምን እንዳሰብክ ስትሰማ ቁጣዋ ይበርዳል።

ላፕቶፑን ለምን እንደከለከልኩህ ደግሞ። በ2010 የኮምፒውተሩ ሲወጣ ሳይቋረጥ ኢንተርኔት ላይ መሆን አለብህ ብለው ግዴታ ጣሉበት። መስመሩ ከጠፋ ጨዋታው ይቆማል። ወዲያው ሰርቨሮቹ ላይ ጥቃት ደርሶ በሕጋዊ መንገድ ከፍለው የገዙ ሰዎች መጫወት አቃታቸው። ኋላ ላይ ግዴታውን አላልተውታል፣ ግን ለኮምቦልቻ ኔትወርክና ለፓኬጅህ ምን አደከመህ? ጓደኛህ የሚጭንልህ ደግሞ የተሰረቀ ኮፒ ከሆነ ከቫይረስ ጋር ሊመጣ ይችላል፣ ያንን ላፕቶፕ ለሌላ ሥራ ትፈልገዋለህ። የፕሌይስቴሽኑ ሲዲ ኢንተርኔት አይጠይቅህም።

ሲዲው ላይ የምታገኘው አንድ ጉድለት አለ፣ ቀድመህ እወቀው። ታሪኩ ከ11ኛው ምዕራፍ ዘሎ 14ኛው ላይ ይገባል። መሐሉን ትዝታው ተበላሽቷል ብለው አልፈውታል፣ 12ኛውንና 13ኛውን ለብቻ ሸጡት። ይሄ ትክክል አልነበረም ብዬ ነው የማምነው፤ ሰው ሙሉ ታሪክ ብሎ ነው የገዛው። ኋላ በወጡት ስብስቦች ውስጥ አብረው ገብተዋል፣ ለፕሌይስቴሽን 4 በ2016 የወጣውን ጨምሮ። አንተ ግን ያለ እነሱም ታሪኩ ይገባሃል፣ ስለዚህ ለነሱ ብለህ ተጨማሪ ብር አታውጣ። ዋናው ታሪክ 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እሑድ እሑድ ሦስት ሰዓት ብትጫወት ሁለት ወር አይሞላም።

መብራት ሲጠፋ ሴቭ እያደረገ ከነበረ ሊበላሽብህ ይችላል፣ ስለዚህ ሚሽን ስትጨርስ ትንሽ ቆም በል፣ ምልክቷ እስክትጠፋ። እኔ በዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት ቬኒስ ላይ ደርሼ ሌላ ልጅ መጥቶ አዲስ ጨዋታ ሲጀምር ሴቬን ደምስሶብኛል። ከፍሎረንስ እንደገና ጀመርኩ። ያንተ የራስህ ነው፣ ጠብቀው።

ሲዲውን ስትገዛ ብርሃን ላይ ያዘው፣ ገጹን አገላብጠህ እየው። ብሉሬይ ስለሆነ መረጃው ከገጹ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ወደ ውስጥ የገባው፣ ጥልቅ ጭረት ካለበት እንደ ድሮው ዲቪዲ ተወልውሎ አይድንም። ስስ የጣት አሻራ ምንም አይደለም፣ ጥፍርህን የሚይዝ መስመር ካለ ግን መልስለት። ልጁ ማሽን ካለው ክፈትልኝ በለው፣ ሕፃኑ ተወልዶ ፍሎረንስ ውስጥ መንገድ ላይ እስክትሮጥ ድረስ። ዋጋውንም ተከራከር፣ ያረጀ ጌም ነው፣ 1,200 የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ጠዋት ሀረጎ በጉም ሊዘጋ ስለሚችል ረፈድ አድርገህ ውጣ። ከፍቶ ካላሳየህ ሳትከፍል ወደ ኮምቦልቻ ውረድ።